እገዳው ሲረዝም ሂሳቡ ይቀየራል

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «በኮሮና ጊዜ ለወራት የዘለቁት እገዳዎች ያደረሱት ጉዳት እንዴት ይሰላል? አንዱ ወገን ‹ኢኮኖሚውን የጎዳው ቫይረሱ እንጂ እገዳው አይደለም› ይላል። ሌላው ደግሞ ‹ከበሽታው ይልቅ የጎዳን እገዳው ነው› ይላል። ሁለቱም ቁጥር ይጠቅሳሉ። ባለሙያ ሲያየው የቱ ነው ልክ?»

ሁለቱም እውነት ይዘዋል። ግን የሚያወሩት ስለተለያየ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ወገን የያዘው መረጃ በአብዛኛው የተሰበሰበው ወረርሽኙ በጀመረባቸው ሳምንታት ነው። ሁለተኛው የሚያወራው ስለ ስድስተኛውና ስለ አሥረኛው ወር ነው።

ሥራዬ የጤና ኢኮኖሚክስ ነው። ከሁሉ በፊት ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። የእገዳ ዋጋ የአንዱን ቀን ኪሳራ በቀኑ ብዛት በማባዛት አይገኝም። ሠላሳኛው ቀንና ሦስት መቶኛው ቀን እኩል አያስከፍሉም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኪሳራ አብዛኛው የሚመለስ ነው። እየቆየ ሲሄድ የማይመለሰው እየበዛ ይመጣል። እገዳው የሚሰጠው ጥቅም ደግሞ በዚያው ልክ እየሳሳ ይሄዳል። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ የቫይረሱንና የእገዳውን ድርሻ እንለይ። በ2020 የዓለም ኢኮኖሚ 3 በመቶ ገደማ ቀነሰ። የዓለም ሥራ ድርጅት እንዳሰላው በዚያ ዓመት የባከነው የሥራ ሰዓት 255 ሚሊዮን ሰው ዓመቱን ሙሉ ሥራ ፈቶ እንደከረመ ያህል ነው። በ2009 የገንዘብ ቀውስ ጊዜ ከጠፋው ሲነጻጸር አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር እንዳለ አንሥቶ በእገዳው ላይ ይለጥፈዋል። ይህ ውሃ አያነሳም። ሰው መንግሥት ሳያዘውም ፈርቶ ቤቱ ተቀምጧልና።

ይህን ጥርት አድርገው የሚያሳዩ ሁለት ጥናቶች አሉ። አንዱን የሠሩት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲዎቹ ኦስተን ጉልስቢና ቻድ ሲቨርሰን ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ በሆኑ የንግድ ቤቶች የሚገባውን ደንበኛ በሞባይል ስልክ መረጃ ቆጠሩ። ከዚያ ጎን ለጎን ያሉ፣ ግን በተለያየ አስተዳደር ሥር የወደቁ ቦታዎችን አነጻጸሩ። በዚህ በኩል እገዳ ታውጇል፤ በወዲያ በኩል ገና ነው። የደንበኛው ቁጥር በ60 በመቶ ወርዶ ነበር። ከዚያ ከ60ው ውስጥ ትእዛዙ ያመጣው 7 የመቶኛ ነጥቡን ብቻ ነው። ሌላው ሰው በራሱ ጊዜ የቀረው ነው።

ሁለተኛው ዴንማርክንና ስዊድንን ያነጻጽራል። ሁለቱ አገሮች ጎረቤታሞች ናቸው፤ በሽታው የገባባቸውም በተመሳሳይ ጊዜ ነው። ዴንማርክ ዘጋች። ስዊድን በአብዛኛው ክፍት ሆና ቆየች። የአንድ ትልቅ ባንክ ደንበኞች ወጪ ሲታይ በዴንማርክ በ29 በመቶ፣ በስዊድን በ25 በመቶ ቀንሷል። ልዩነቱ 4 ነጥብ ብቻ ነው። ይበልጥ የገረመኝ የዕድሜው ነገር ነው። ከ70 ዓመት በላይ የሆኑት ስዊድናውያን ከዴንማርክ እኩዮቻቸው የበለጠ ወጪያቸውን ቆርጠዋል። ወጣቱ እንደ ልቡ በሚንቀሳቀስበት አገር አዛውንቱ ፈርቶ ቤቱን ዘጋ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ወገን ክርክሩን እዚህ ላይ ይዘጋዋል። እኔ ግን አልዘጋውም። ሁለቱም ጥናቶች የሚናገሩት ስለ 2020 መጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ያኔ ፍርሃቱ ትኩስ ነበር። ማንም ምንም አያውቅም። ፍርሃት ግን እንዲያ ሆኖ አይቆይም። ከጊዜ በኋላ ሰው በሽታውን ይለምደዋል። ማን እንደሚጠቃ፣ የት እንደሚይዝ ይገባዋል። ወጣቱ መውጣት ይጀምራል። ያኔ ትእዛዙ ባይኖር ሊሠራ የሚችለው ሰው ቁጥር ይጨምራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር ላይ ኪሳራውን ያመጣው በአብዛኛው ቫይረሱ ነው። በስምንተኛው ወር ላይ የእገዳው ድርሻ ከፍ ይላል። የኤፕሪልን ቁጥር ይዞ ስለ ዲሴምበር መከራከር አይቻልም።

አሁን ወደ ርዝመቱ እንግባ። ሦስት ሠራተኛ ያለውን አንድ ፀጉር ቤት እናስብ። ተከራይቶ ነው የሚሠራው። መስተዋቱንና ወንበሮቹን የገዛው በብድር ነው። ለሁለት ወር የሚሆን ተቀማጭ አለው።

በመጀመሪያው ወር ሲዘጋ ባለቤቱ ተቀማጩን ይነካል። ያማል እንጂ አይገድልም። ሲከፈት ደንበኛው ፀጉሩ አድጎ ይመጣል፤ ከጠፋው ገቢ የተወሰነው ይካካሳል። በሦስተኛው ወር ተቀማጩ አልቋል። የቤት ኪራይ ውዝፍ ይጀምራል። ከሦስቱ ሠራተኞች ጎበዟ ሌላ ሥራ አግኝታ ሄዳለች። በስድስተኛው ወር ባለቤቱ ወንበሮቹን ሸጦ የባንክ ዕዳውን ያቀላል። ቤቱን ለአከራዩ ይመልሳል። ደንበኞቹ ይበተናሉ። ያኔ መንግሥት «ከነገ ጀምሮ ፀጉር ቤት መክፈት ይቻላል» ብሎ ቢያውጅ የሚከፈት ፀጉር ቤት የለም። በሦስተኛው ወር ላይ የጠፋው ገቢ ነበር፤ አሁን የጠፋው ድርጅቱ ራሱ ነው። ቦታው ላይ ሌላ ሰው ሌላ ሥራ ይከፍት ይሆናል። ግን ብድሩን፣ ልምዱን፣ ደንበኛውን ሁሉ ከዜሮ ጀምሮ ነው። እገዳው የአንድ ወር ብቻ ተጨማሪ ቢሆንም በአምስተኛውና በስድስተኛው ወር መካከል የሚደርሰው ጉዳት በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ከሚደርሰው ጋር አይወዳደርም።

ሠራተኛውም እንደዚያው ነው። ለስድስት ሳምንት ከሥራ የቀረ ሰው ሲመለስ ያው ሰው ነው። ዓመት የተቀመጠ ሰው ግን የሚቀጥረው ያንሳል። እጁ ይፈታል፤ የሚያውቁት ሰዎችም ይረሱታል።

ጀርመን ይህን ቀድማ ገብቷት ነበር። ኩርትሳርባይት የሚባል የቆየ ሥርዓት አላት። ድርጅቱ ሠራተኛውን አያባርርም፤ ሰዓቱን ይቀንስና መንግሥት የጎደለውን ደመወዝ ከፊሉን ይሸፍናል። በኤፕሪል 2020 ወደ 6 ሚሊዮን ሰው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነበር። ሥራ አጥነቱ ትንሽ ብቻ ነው የጨመረው። አሜሪካ በአብዛኛው የሄደችው ሰው ከሥራው ከተሰናበተ በኋላ በሚከፈል ድጎማ ነው። የሥራ አጡ መጠን በአንድ ወር ከ4.4 ወደ 14.7 በመቶ ዘለለ። አሜሪካ ለጋስ ክፍያ ከፍላለች፤ ብዙ ቤተሰብም ከረሃብ ተርፏል። በሠራተኛውና በአሠሪው መካከል ያለው ገመድ ግን ተበጥሷል። እገዳው እንደሚረዝም ከታወቀ ዋናው ጥያቄ ይህ ገመድ እንዴት ሳይበጠስ ይቆያል የሚለው ነው።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። የዓለም ገንዘብ ድርጅት እንዳስቀመጠው በ2020 የመንግሥታት፣ የድርጅቶችና የቤተሰቦች ዕዳ ተደምሮ 226 ትሪሊዮን ዶላር ደረሰ። በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ጭማሪ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ አልታየም። ሀብታም አገር በራሱ ገንዘብ በርካሽ ተበደረ። ድሃው አገር ግን ያን ማድረግ አልቻለም። ዛምቢያ ለምሳሌ በኖቬምበር 2020 የውጭ ዕዳዋን መክፈል አቃታት፤ ቀድሞም ተጨናንቃ ነበር፣ ወረርሽኙ ጨረሳት። ዕዳው የእገዳው ዘግይቶ የሚመጣ ሂሳብ ነው። ከዓመታት በኋላ ከትምህርትና ከጤና በጀት ላይ ሲቆረጥ ማንም ከእገዳው ጋር አያያይዘውም።

ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር ሰው ጊዜው ከፀጉር ቤቱም በጣም ያጥራል። ለእሱ ስድስት ወር ቀርቶ ስድስት ቀንም ረጅም ነው። ሕንድ ማርች 24 ቀን 2020 ማታ ላይ ለ21 ቀን እንደምትዘጋ አስታወቀች። የሚጀምረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። አራት ሰዓት ብቻ ቀርቷል። ከገጠር መጥተው ከተማ ውስጥ በቀን ሥራ የሚተዳደሩ ሚሊዮኖች ሥራቸውን፣ ማደሪያቸውንና መጓጓዣቸውን በአንድ ሌሊት አጡ። ብዙዎቹ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግራቸው ወደ መንደራቸው ሄዱ። ልዩ ባቡር የተመደበላቸው ሜይ 1 ቀን ላይ ነው፤ ከአምስት ሳምንት በኋላ። የአገሪቱ ምርት ከኤፕሪል እስከ ጁን ባለው ሩብ ዓመት በ24 በመቶ ገደማ ወረደ። እገዳው ሰውን በያለበት ለማቆም የታወጀ ነበር። ያደረገው ግን ሚሊዮኖችን መንገድ ላይ ማውጣት ነው።

ከሁሉም በላይ ሊጠና የሚገባው ግን የፔሩ ጉዳይ ይመስለኛል። ፔሩ ከላቲን አሜሪካ ቀድመው ከዘጉትና ጥብቅ እገዳ ከጣሉት አንዷ ናት፤ ማርች 16 ቀን 2020። ወታደር መንገድ ላይ ወጣ። የሰዓት እላፊ ታወጀ። እገዳው ለወራት ተራዘመ። ምርቱ በዓመቱ 11 በመቶ ገደማ ወደቀ። ሞቱም አልቀረም። በ2021 መንግሥት ሂሳቡን ሲያርም የሟቾቹ ቁጥር ከ69 ሺህ ወደ 180 ሺህ ከፍ አለ። ያኔ ከሕዝቧ ብዛት አንጻር በዓለም ከፍተኛው ነበር።

ለምን? ወደ ኑሮው ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ከሠራተኛው 70 በመቶ ያህሉ መደበኛ ባልሆነ ሥራ የሚተዳደር ነው፤ ካልወጣ አይበላም። ብዙ ድሃ ቤተሰብ ማቀዝቀዣ የለውም፤ ስለዚህ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ገበያ መሄድ ግድ ነው። የገበያው ሰዓት በእላፊው ስለተገደበ ያው ሰው ሁሉ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጋፋል። መንግሥት ለድሆች ድጎማ መደበ፤ መልካም ሐሳብ ነበር። ግን አብዛኛው ድሃ የባንክ ሂሳብ የለውም። ስለዚህ ገንዘቡን ለመቀበል ባንክ በር ላይ ረጅም ሰልፍ ተሰለፈ። ቤቱም አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ሰው የሚተኛበት ነው። የእገዳው ወጪ ሙሉ በሙሉ ተከፈለ። ጥቅሙ ግን በገበያውና በባንኩ ሰልፍ ላይ ፈሰሰ። የጤና ሥርዓቱም ለዓመታት የተዘነጋ ነበር፤ ኦክስጅን እንኳ አልበቃም። በወረቀት ላይ ፔሩና ኒውዚላንድ ተመሳሳይ ነገር አድርገዋል። በመሬት ላይ ግን የተለያየ ነገር ነው የሆነው።

እስካሁን ያወራሁት በምርትና በገንዘብ ስለሚለካው ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን በአገር ምርት ሂሳብ ውስጥ ጭራሽ የማይገባው ነው። ከዚያም ውስጥ ትልቁ የልጆች ትምህርት ነው።

በ2020 እገዳው በጠነከረበት ጊዜ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የአገር ምርት ወዲያው ብዙም አይነካም። የመምህሩ ደመወዝ ይከፈላል፤ በሂሳቡ ላይ «የትምህርት አገልግሎት» እንደቀጠለ ሊመዘገብ ይችላል። ኪሳራው የሚታየው ልጁ አድጎ ሥራ ሲይዝ ነው። ለዚህ ይመስለኛል ለመዝጋት የቸኮሉ አገሮች ለመክፈት ያልቸኮሉት።

ኔዘርላንድስን እንይ። ትምህርት ቤት የተዘጋው ለ8 ሳምንት ብቻ ነው። ፈጣን ኢንተርኔት በየቤቱ አለ። እገዳው ከመጀመሩ በፊትና ከተነሣ በኋላ አገር አቀፍ ፈተና ስለተሰጠ ልዩነቱን መለካት ተቻለ። ተማሪዎቹ ቤት በቆዩበት ጊዜ የተማሩት ከምንም የሚቆጠር አልነበረም። ወላጆቻቸው ብዙ ያልተማሩ ልጆች ጉዳት ደግሞ ከሌሎቹ እስከ 60 በመቶ ይበልጣል። ልብ ይበሉ፣ ይህ ለዚህ ነገር ከማንም የተሻለ የተዘጋጀ አገር ነው፤ ጊዜውም አጭር ነው።

አሁን ወደ ኡጋንዳ እንሂድ። ትምህርት ቤቶቿ በማርች 2020 ተዘጉ። በመካከሉ አንዳንድ ክፍሎች ተከፍተው እንደገና ተዘግተዋል። ሙሉ በሙሉ የተከፈቱት በጃንዋሪ 2022 ነው። ወደ ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው፤ የተማሪው ቁጥር ደግሞ 15 ሚሊዮን ያህል ነው። ፊደል መለየት የጀመረች የስድስት ዓመት ልጅን ያስቡ። ከሁለት ወር በኋላ ብትመለስ ጥቂት ታግዛ ትቀጥላለች። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን የያዘችውን ፊደል ረስታለች። ዕድሜዋ ስምንት ሆኗል። ክፍሏ ማንበብ የሚችል ልጅ ነው የሚጠብቀው። መጽሐፉም መምህሩም ከእሷ በላይ ናቸው። ያጣችው ሁለት ዓመት ብቻ አይደለም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ትምህርት ሁሉ በማንበብ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ የሚከተሉት ዓመታትም አብረው ይሄዳሉ። ቤተሰቡ በዚህ ላይ ገቢ አጥቶ ከሆነ ልጅቱ ወደ ሥራ ወይም ወደ ትዳር ትገፋለች።

በድሃና በመካከለኛ ገቢ አገሮች አንድ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት የማይችሉ የ10 ዓመት ልጆች በ2019 57 በመቶ ነበሩ። የዓለም ባንክ፣ ዩኒሴፍና ዩኔስኮ በ2022 ባወጡት ግምት ይህ ወደ 70 በመቶ ደርሷል። በእነሱ ስሌት ይህ ትውልድ በሕይወት ዘመኑ ሊያገኝ ከሚችለው ገቢ 21 ትሪሊዮን ዶላር ሊያጣ ይችላል። ግምት ነው፤ መልሶ ማስተማር ከተሠራበት ሊቀንስ ይችላል። ቢሆንም የየትኛውንም የ2020 የምርት ኪሳራ ያስንቃል።

ይህ ደግሞ አስቀድሞ የማይታወቅ ነገር አልነበረም። በ2014 ኢቦላ ሴራሊዮን ሲገባ ትምህርት ቤቶች ለወራት ተዘግተው ነበር። ከቀውሱ በኋላ በተደረገ ጥናት ክፉኛ በተጎዱ መንደሮች የወጣት ልጃገረዶች ትምህርት ቤት መገኘት በ16 የመቶኛ ነጥብ ቀንሶ ተገኘ። ያለ ዕድሜያቸው ያረገዙትም በዙ። የልጃገረዶች ክበብ በነበረባቸው መንደሮች ግን ጉዳቱ ግማሽ ያህሉ ቀንሷል። ክበቡ ትልቅ ነገር አልነበረም። ልጃገረዶች ከትምህርት ቤት ውጪ የሚሰበሰቡበት፣ ከወንድ ዓይን ርቀው የሚያወሩበትና ሙያ የሚማሩበት ክፍል ነው።

ጤናውን በተመለከተ «እገዳው ሕይወት ያድናል» የሚለው እውነት ነው፤ ግን ጎዶሎ ነው። በሽተኛው ሁሉ የኮሮና በሽተኛ አይደለም። በ2019 7.1 ሚሊዮን አዲስ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ተመዝግቦ ነበር። በ2020 የተመዘገበው 5.8 ሚሊዮን ነው። በሽታው አልቀነሰም፤ የቀነሰው የሚመረመረው ሰው ነው። ሳል ያለበት ሰው ጤና ጣቢያ መሄድ ፈራ፤ ወይም ትራንስፖርት አጣ፤ ወይም መመርመሪያው ለኮሮና ተሰጠ። ሳይታከም ቤቱ ተቀመጠ። እገዳው ደግሞ ከቤተሰቡ ጋር ቀኑን ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጠው። ነቀርሳ የሚተላለፈው በትክክል እንዲህ ነው። በዚያ ዓመት በነቀርሳ የሚሞተው ሰው ቁጥር ከአሥር ዓመት በላይ ከቆየ ቅናሽ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨመረ። የሕፃናት ክትባትም እንደዚሁ ነው። ሦስተኛውን የዲፍቴሪያ፣ የቴታነስና የትክትክ ክትባት የወሰዱ ሕፃናት ከ86 ወደ 81 በመቶ ወረዱ፤ በ2021 25 ሚሊዮን ሕፃናት ክትባታቸው ጎድሎባቸዋል። እዚህም ላይ የፍርሃቱንና የእገዳውን ድርሻ መለየት ከባድ ነው። መርዘሙ እንዳባባሰው ግን አልጠራጠርም። ሁለት ሳምንት የዘገየ ክትባት ይካካሳል፤ ዓመት የዘገየ ልጅ ከመዝገብ ይጠፋል።

የአእምሮ ጤናው ይታወቃል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በመጀመሪያው ዓመት ጭንቀትና ድባቴ በ25 በመቶ ጨምሯል ብሏል፤ በጣም የተጎዱት ወጣቶችና ሴቶች ናቸው። የቤት ውስጥ ጥቃትን ለመለካት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአንዳንድ አገር የእርዳታ ስልክ ጥሪ ሲጨምር በሌላው መጀመሪያ ላይ ቀንሷል። የቀነሰው ጥቃቱ ስለቀነሰ አይደለም። ደዋይዋ ከደብዳቢዋ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ተቆልፋለች፤ ስልክ የምታነሳበት ጥግ የላትም። በመጦሪያ ቤት ያሉ አዛውንቶችን ነገር ደግሞ በየትኛውም ሂሳብ ላስገባው አልችልም። ልጆቻቸውን በመስኮት እያዩ የሞቱ አሉ። በዕድሜው መጨረሻ ላይ ያለ ሰው የቀረው አንድ ዓመት ከሆነና ያን ዓመት ብቻውን ካሳለፈው፣ አዳንንለት የምንለው ምኑን እንደሆነ መጠየቅ ነበረብን።

እንግዲህ እገዳው ሁሉ ስህተት ነበር? አይደለም። ዝም ብሎ መተውም የራሱ ዋጋ አለው። በጃንዋሪ 2021 የብራዚሏ ማናውስ ውስጥ የሆስፒታል ኦክስጅን አልቆ ሰዎች ታፍነው ሞቱ። ያን ጊዜ በከተማዋ የሚካሄድ ጤናማ ኢኮኖሚ አልነበረም። ሰው እየሞተ ገበያ አይደራም።

እገዳ በሽታን አያጠፋም፤ ጊዜ ይገዛል። ስለዚህ ጥያቄው ጊዜው ለምን ተገዛ የሚለው ነው። በማርች 2020 የተገዛው ጊዜ ሆስፒታል ለማዘጋጀትና በሽታውን ለማወቅ ነበር፤ ትልቅ ዋጋ አለው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የተገዛውም የራሱ ምክንያት ነበረው፤ ብሪታንያ ሕዝቧን መከተብ የጀመረችው ዲሴምበር 8 ቀን 2020 ነው፤ ከዚያ በፊት ባለው ወር የዳነ አዛውንት በእርግጥ ድኗል። ኒውዚላንድ ድንበሯን ዘግታ፣ በአገር ውስጥ ግን ቶሎ ከፍታ፣ ሕዝቧን ከትባ ነው በሽታው እንዲገባ የፈቀደችው። ቻይናም ተመሳሳይ ጊዜ ገዝታ ነበር። ግን በማርች 2022 ዕድሜያቸው ከ80 በላይ ከሆኑት ሁለት መጠን ክትባት የወሰዱት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በዚያው ሰሞን 25 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት ሻንግሃይ ለሁለት ወር ተቆለፈች። የአገሪቱ የሩብ ዓመት ዕድገት ወደ 0.4 በመቶ ወረደ። በዲሴምበር የእገዳ ፖሊሲው በድንገት ተነሣ፤ ከሞቱት አብዛኞቹ አዛውንቶች ናቸው። ያ ሁሉ ጊዜ ተገዝቶ ለዋናው ሥራ አልዋለም።

ስለዚህ ለሂሳቡ የምመክርዎ ይህ ነው። «እገዳው ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ» ብለው በጅምላ አይጠይቁ። የሚቀጥለው ሳምንት ምን ይጨምራል፣ ምን ያስከፍላል፣ ማን ይከፍላል ብለው ይጠይቁ። የሚያነጻጽሩትም ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው ኑሮ ጋር ሳይሆን፣ ያለ እገዳ ወረርሽኙ ውስጥ ከሚኖረው ኑሮ ጋር ይሁን። ስዊድንን ሁለቱም ወገኖች የሚጠቅሱት ይህን ስለማያደርጉ ነው። በ2020 ከጎረቤቶቿ በጣም የበዛ ሰው ሞቶባታል፤ ያ እውነት ነው። የትንንሾቹን ልጆች ትምህርት ቤት ክፍት በማድረጓ ደግሞ የንባብ ችሎታቸው ላይ ጉዳት አልተገኘም፤ ይህም እውነት ነው። አንዱ ሌላውን አይሰርዝም።

ወረርሽኝ እንደገና ቢመጣ እኔ ትምህርት ቤትን በመጨረሻ እዘጋለሁ፣ በመጀመሪያ እከፍታለሁ። እገዳ ሲታወጅ የሚያበቃበት ቀንና የሚያስነሣው መለኪያ አብሮ እንዲነገር እፈልጋለሁ። ከዚያ በላይ ግን ገንዘብ ለድሃው የሚደርስበት መንገድ ቀድሞ መኖሩን አያለሁ፤ ሕንድንም ፔሩንም የጎዳው ይህ ነውና። ትንሿ ቶጎ ይህን ከብዙዎቹ ቀድማ ሠርታዋለች። በኤፕሪል 2020 ኖቪሲ የተባለ ክፍያ ጀመረች። ሰው በተራ ሞባይል ስልኩ አጭር ቁጥር ይደውላል፤ ተቀባይነት ካገኘ ገንዘቡ በዚያው ስልክ ይገባለታል። ሰልፍ የለም፣ የባንክ ሂሳብ አያስፈልግም። ሴቶች ከወንዶች ትንሽ ከፍ ያለ ይከፈላቸው ነበር። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ደርሶታል። ይህ በፍጥነት የተቻለው ከወረርሽኙ በፊት በነበረ መዝገብ ነው። የመራጮች መዝገብ ላይ የእያንዳንዱ ሰው ሥራ ተጽፎ ስለነበር የቀን ሠራተኛውንና የመንገድ ነጋዴውን ከዚያ ለይተው አወጡት። የመራጭነት ካርድ ያልነበረው ሰው ግን አላገኘም።